ሥርና ድንጋይ ለመንቀል የቱ ዶማ ይሻላል? (ጅማ፣ ቀይ አፈር)

የጅሬን ልጅ (ጥር 6፣ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፉ በኋላ ከጅሬን በታች ያለችው ጓሮ በእኔ እጅ ገብታለች። ትንሽ ናት፤ ግን ለረጅም ዓመት የነካት ሰው የለም። ዳር ዳሩን የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ፤ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። አንዱም አልሞተም፣ ሁሉም እየፈላ ነው። መሀሉን አባቴ የተከሏቸው ያረጁ ቡናዎች ይዘውታል፣ አርባ ናቸው። ታችኛው ጥግ ደግሞ ግማሽ አካሉ ከመሬት የወጣ ጥቁር ድንጋይ ሞልቶበታል።

ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ዶማ ገዛሁ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ሥር ላይ ሳሳርፈው አፉ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። መልሼ በመዶሻ አቃናሁትና ስቀጥል ዛቢያው ከአንገቱ ተሰበረ። እጄ ውኃ ቋጥሯል፣ የነቀልኩት ጉቶ ግን ግማሽ ነው።

የምፈልገው ጉቶውን፣ ያረጀውን ቡናና ድንጋዩን ሁሉ ነቅዬ ሐምሌ ላይ አዲስ የቡና ችግኝ መትከል ነው። ምን ዓይነት ዶማ ልያዝ? ክብደቱስ ምን ያህል ይሁን? ዛቢያው ከምን እንጨት? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰቃ መንገድ (ጥር 6፣ ማታ)

ድንጋዩን በዶማ አትንካው። ለድንጋይ ድጅኖ ግዛ።

ባሌስትራ (ጥር 7፣ ጠዋት)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አባትህን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልህ።

እኔ ብየዳ ቤት ነው የምሠራው፤ ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ገጀራ በየቀኑ እጄ ላይ ያልፋል። እንዳንተ አፉ ታጥፎበት የሚመጣ ብዙ ሰው አለ። ከለስላሳ ብረት የተሠራ ዶማ ስታየው አይለይም፤ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ስለዚህ ዶማ ልትገዛ ስትሄድ ኪስህ ውስጥ ትንሽ ሞረድ ይዘህ ሂድ። አፉ ላይ አንዴ ሳብ አድርገው። ሞረዱ እንደ ሳሙና ሰተት ብሎ ከገባ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል። ሞረዱ ጭራሽ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ደግሞ ከመጠን በላይ ደረቅ ነው፤ ድንጋይ ሲያገኝ ይሸረፋል፣ ስባሪውም ዓይን ውስጥ ይገባል። ጥሩ ዶማ ሞረዱን ያስነክሳል፣ ግን እየታገለ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅርጹ ነው። ላንተ ሥራ የሚሆነው ባለ ሁለት አፍ ነው። አንዱ አፍ አራት ጣት ያህል ሰፊ ሆኖ እንደ መኮትኮቻ አግድም የተኛ፤ ሌላው ጠባብና ሹል። ሰፊው አፈር ይጎትታል፣ ቀጭን ሥር ይቆርጣል። ሹሉ በጠጠርና በደረቅ መሬት ውስጥ መንገድ ይከፍታል። ከሹሉ ይልቅ እንደ መጥረቢያ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለት ያለውም ዓይነት አለ፤ ሥር ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን እመርጥልህ ነበር። ድንጋይ ስላለብህ ግን ሹሉን ያዝ።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያየው፣ ዛቢያ ማስገቢያው ቀዳዳ ነው። የመጥረቢያ ዛቢያ ከታች ገብቶ ከላይ በሽብልቅ ይወጠራል። የዶማ እንደዚያ አይደለም። ቀዳዳው ከላይ ሰፋ፣ ወደ እጅህ በኩል ጠበብ ያለ መሆን አለበት። ዛቢያው በቀጭኑ ጫፍ ከላይ ይገባና ወፍራሙ ራሱ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይያዛል። በወነጨፍከው ቁጥር ብረቱ ወደ ወፍራሙ በኩል ስለሚሄድ ራሱን ያጠብቃል። ሽብልቅም ሚስማርም አያስፈልገውም። ጎንና ጎኑ እኩል የሆነ ክብ ቱቦ የተበየደበት ዶማ ከሆነ፣ ምንም ብታደርገው ይላላል፤ ሰው ሚስማር ይመታበታል፣ ሚስማሩ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ያንተው ይደርሳል።

የጭነት መኪና ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ካገኘህ የተሻለ ዶማ ይወጣዋል። ብረቱ ጠንካራ ሆኖ ይለጠጣል። ግን አንድ ችግር አለው፤ ሳይሞቅ በቀጥታ ከተበየደ ከብየዳው አጠገብ ይደርቅና በሁለተኛው ሳምንት ቅጭ ይላል። እኔ በከሰል አሙቄ ነው የምበይደው፤ ከበየድኩ በኋላ አመድ ውስጥ ቀብሬ አሳድረዋለሁ። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አይሰነጠቅም። ለሚሠራልህ ሰው ይህን ጠይቀው። ካላወቀው ሌላ ጋ ሂድ።

የጎደሬ ማሳ (ጥር 7፣ ከሰዓት)

ስለ ክብደት ማንም አልመለሰለትም። እኔ ሴት ነኝ፣ ጎደሬና ቦዬ የምቆፍረው ራሴ ነኝ። በፊት የባለቤቴን ዶማ እይዝ ነበር፣ ራሱ ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ከሰዓት በኋላ ወገቤን አልችለውም ነበር። አሁን የያዝኩት ራሱ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። በቀን የማወጣው አፈር አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል፣ ምክንያቱም እስከ ማታ ደረስኩ።

ዛቢያውን ደግሞ በራስህ ቁመት አስለካ። መሬት ላይ ሲቆም ከዳሌ አጥንቴ ትንሽ ያልፋል የኔ፣ 90 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ ያጠረ ያጎነብሳል። በጣም የረዘመው ደግሞ ወደ እግር ይመጣል። ቁምጣና ሸበጥ አድርገህ እንዳትገባ፣ እባክህ። የጎረቤቴ ልጅ ሁለት የእግር ጣቱን ያጣው በዚህ ነው።

የጅሬን ልጅ (ጥር 7፣ ማታ)

ባሌስትራ፣ እህቴ የጎደሬ ማሳ፣ ገለቶማ። ዛሬ የተሰበረውን ዛቢያ አየሁት። ቀዳዳው ክብ ቱቦ ነው፣ ሚስማርም ተመትቶበታል፤ የተሰነጠቀውም ልክ ሚስማሩ ጋ ነው። እንጨቱስ? ባሕር ዛፍ ነበር።

ባሌስትራ (ጥር 8)

ባሕር ዛፍ መጥፎ አይደለም፣ እርጥቡን ስለሚያስገቡት ነው የሚጠላው። ሲደርቅ ይኮማተርና ይላላል፣ ይጣመማልም። ወይራ ካገኘህ እሱን የሚያህል የለም፣ ግን ይከብዳል፤ ቀጠን አድርገህ አስጠርበው። በርጩማ የሚጠርቡት ሰዎች ጋ ብትሄድ የደረቀ እንጨት አያጡም። ዋናው የእንጨቱ ጅማት ነው፤ ከራስ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። መሀል ላይ ጎን የሚወጣ ጅማት ካየህ እዚያው ቦታ ይሰበራል። ቁጭ አድርገህ በብርሃን አየው። ቫርኒሽ አትቀባው፣ እጅ ይልጣል። የተልባ ዘይት ይበቃዋል።

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ (ጥር 8፣ ማታ)

ልጄ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዶማ የሰጡህ ምክር ጥሩ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን አርባውን ቡና እነቅላለሁ ያልከው ነው። እባክህ እጅህን ሰብስብ።

ያረጀ ቡና በሥሩ አያረጅም። የሚያረጀው ግንዱና ቅርንጫፉ ነው። ሥሩ በዚያ መሬት ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት የተዘረጋ ነው፤ አዲስ ችግኝ ያንን ሥር ለመሥራት ስንት ዓመት ይፈጅበታል? የሚደረገው ጉንደላ ነው። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ብለህ በስል መጋዝ ትቆርጠዋለህ። ቆረጣው ሰያፍ ይሁን፣ ውኃ እንዳይተኛበት። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ ለቀማው አልቋል፣ ዝናቡ አልገባም። በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ከጉቶው ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ሁሉንም አትተው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ፣ በተለያየ ጎን ያሉትን መርጠህ ሌላውን ትለቅማለህ። በሁለተኛው በሦስተኛው ዓመት ትለቅምበታለህ። አዲስ ችግኝ ብትተክል ከዚያ ቀድመህ አትደርስም፤ ላይ የጥላው ዛፍ ከተነካ ደግሞ ጭራሽ ትዘገያለህ።

አሁን ወደ ዶማው ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ፍርሃቴ እሱ ነው። ከቡና አጠገብ ዶማ አታውርድ። የቡና መጋቢ ሥር ከላይኛው አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ በአንድ ምት ስንቱን እንደምትበጥስ አታየውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ግንድ አድርቅ የምንለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ጂቤሬላ ዛይላሪዮይደስ የሚባል ሻጋታ ነው። አፈር ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚገባውም በቁስል ነው። ቁስሉን የሚያደርገው ማን ነው? ገጀራው፣ መኮትኮቻው፣ ዶማው። የታመመውን ቡና ቆፍረህ ያንኑ ዶማ ወደ ጤነኛው ይዘህ ከሄድክ በሽታውን በእጅህ ተከልከው ማለት ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ ገበሬ በአንድ ገጀራ አንድ መስመር ሙሉ ሲያደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ ትጉህ እሱ ነበር።

ስለዚህ አርባውን አንድ በአንድ ተመልከታቸው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የረገፈ፣ በአንድ ጎን የደረቀ ካለ፣ ከግንዱ ቅርፊት ትንሽ በቢላ ፋቅ አድርግ። ከቅርፊቱ ሥር እንጨቱ ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ወይም ሰማያዊ ጥቁር የመሰለ መስመር ካየህ ግን ያ አንዱ መነቀል አለበት፣ ከነሥሩ፤ እዚያው ባለበት ቦታ ይቃጠላል። እየጎተትክ በማሳው መሀል እንዳታሳልፈው። ዶማውንና ቢላውን አፈሩን አጥበህ በእሳት ለብልበው ወይም በበረኪና ጥረገው። ጉድጓዱ ላይም ቶሎ ቡና አትተካበት።

መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም። ከጠረጠርክ ሄደህ ጠይቃቸው። ስለ ቡና በሽታ ከእነሱ በላይ የሚነግርህ የለም።

አጋሮ 02 (ጥር 9)

ለባሕር ዛፉ ይህ ሁሉ ምን ያስለፋል? እላዩ ላይ ከሰል ክምር አድርገህ እሳት ልቀቅበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ይበላዋል።

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ (ጥር 9)

ልጄ፣ በጥር? ነፋስ አለ፣ ሣሩ ደርቋል፣ ከጎኑ ቡና አለ። ሥር ውስጥ የገባ እሳት በማግስቱ ጠፍቷል ስትለው ሌላ ቦታ ይወጣል። አይሆንም።

አጋሮ 02 (ጥር 9)

እሺ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ቡና አጠገብ መሆኑን አላስተዋልኩም።

ከዴዶ (ጥር 10፣ ማታ)

የጉቶውን ነገር እኔ ልንገርህ። በቀን ሥራ ስምንት ዓመት ጉቶ ነቅያለሁ፣ ለቤት መሠረትም ለማሳም።

ሰው ሁሉ የሚደክመው ጉቶውን ራሱን እየመታ ነው። ጉቶውን አትምታው። ከጉቶው አንድ ክንድ ራቅ በልና ዙሪያውን ቦይ ቆፍር፤ ስፋቱ አካፋ የሚያስገባ፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበትህ። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ ክመር፣ የታችኛውን ቀይ ለብቻ። በኋላ ትመልሰዋለህ።

ሥር ስታገኝ ወዲያው አትቁረጠው። በሹሉ አፍ ግራና ቀኙን፣ ከበታቹም ያለውን አፈር አውጣና ሥሩ እንደ ድልድይ አየር ላይ ይቅር። አፈር ላይ የተኛውን ሥር ስትመታው ይለጠጥና ዶማውን ያነጥረዋል፤ ስለቱም አልፎ ጠጠር ይነክሳል። በአንድ ቀን ዶማው የሚዶለድመው በዚህ ነው። አየር ላይ ያለውን ግን በሦስት ምት ትበጥሰዋለህ። መጀመሪያ ከውጭ በኩል ቁረጥ፣ ቀጥሎ ከጉቶው ጋር። መሀሉን ቁራጭ አንስተህ ጣለው፤ ጉቶው ሲነቃነቅ ቦታ ያገኛል። እንደ ክንድ የወፈረውን በዶማ አትልፋ፤ መጥረቢያ ወይም መጋዝ አምጣ፣ ግን አፈሩን በቡሩሽ ጠርገህ።

ዙሪያውን ከጨረስክ በኋላ ድጅኖ አስገብተህ ነቅንቀው። ያኔ ዝም ብለህ ስማ። አንድ በኩል ይንጫጫል። የሚንጫጫበት በኩል ገና ያልተቆረጠ ሥር አለ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ታች የወረደው ነው። እሱን ፈልገህ ቁረጥ። በጉልበት ከጎተትክ ግን ወገብህ ነው የሚነቀለው።

በዶማው ዛቢያ ግን በፍጹም ጉቶም ድንጋይም እንዳታነሳ። ዶማ ለመምታትና ለመጎተት ነው። ማንሻ ድጅኖ ነው።

ከሁለት ስንዝር በላይ የሚወፍሩት ጉቶዎች ካሉ ዘላቂ ሕንፃ ካልሠራህበት በቀር አትንቀላቸው። ዙሪያውን አንድ ስንዝር ቆፍረህ ቅርፊቱን ከአፈር በታች ድረስ ላጠው። ባሕር ዛፍ መልሶ የሚፈላው ከዚያ ቅርፊት ነው። አፈር መልስበትና የሚወጣውን ቡቃያ ገና ለጋ እያለ እየጠበቅክ ንቀል። ቀስ በቀስ ይሞታል።

ጊዜውን ልጨምር። አሁን መሬቱ እንደ ጡብ ነው። ያንተ ቀይ አፈር ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ሲጨቀይ ደግሞ ዶማው ላይ ይለጠፍና ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። የመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቀህ ግባ። ዶማው ራሱ ይገባል። አንተ የምታነሳው ብቻ ነው፤ ሲወርድ በራሱ ክብደት ይውረድ።

ሰቃ መንገድ (ጥር 11)

ድንጋዩን ረሳችሁት። ድጅኖው አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። ከድንጋዩ ሥር 15 ሴንቲሜትር ጫፉን አስገባና እዚያው ላይ ጠንካራ ጠጠር ደገፍ አድርግለት። አንተ ያለህበት በኩል 135 ሴንቲሜትር ይቀራል፤ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። 50 ኪሎ ስትጫን ወደ 450 ኪሎ ይነሳል። ብድግ ሲል ጓደኛህ ከሥሩ ትናንሽ ድንጋይ ይጨምር፣ እጁን ግን አያስገባ፤ በእንጨት ይግፋው። እንዲህ እያልክ ደረጃ በደረጃ ታወጣዋለህ። ሁሉንም ማውጣትም የለብህም። ትልልቆቹን ተዳፋቱ ላይ አግድም ደርድራቸው፤ አፈርህን ይይዙልሃል።

የጎደሬ ማሳ (ጥር 11)

ይህ ትክክል ነው። ተዳፋት ላይ ሥር ነቅለህ ባዶ መሬት ከተውክ ሰኔ ላይ አፈሩ አወይቱ ወንዝ ውስጥ ነው። እኔ ከድንጋዩ በላይ ቬቲቨር ሣር ተክያለሁ። ከፈለግህ ሥሩን ከፍዬ እሰጥሃለሁ፣ ብዙ አለኝ።

የጅሬን ልጅ (መጋቢት 21)

ሰላም። ሁለት ወር ጠፋሁ፣ ሥራው ላይ ነበርኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቡናውን አልነቀልኩም። ጋሼ፣ የጻፉልኝን ለእናቴ ሳነብላት አለቀሰች። "አባትህም እንዲህ ነበር የሚሉት" አለችኝ። አርባውንም አንድ በአንድ ፋቅ አድርጌ አየሁ። ሠላሳ ስምንቱ ከቅርፊታቸው ሥር ነጭ ናቸው፤ ጎነደልኳቸው። ሁለቱ ግን ከታች ጀምሮ እንደ ቀለም የወረደ ጥቁር መስመር ነበራቸው። ከነሥራቸው አውጥቼ ነፋስ በሌለበት ንጋት ላይ፣ ውኃ በጀሪካን አጠገቤ አድርጌ እዚያው አቃጠልኳቸው። ዶማውን በበረኪና አጠብኩት።

ዶማው ከባሌስትራ የተሠራ ነው፣ ራሱ ሁለት ኪሎ ይሆናል። ለሠራልኝ ሰው አመዱን ስጠይቀው ሳቀና "ማን ነገረህ?" አለኝ፤ ከዚያ አሳደረው። ዛቢያው ወይራ ነው። እስካሁን አልላላም። በየማታው ሞረድ አሳርፍበታለሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ በግራይንደር ሳልልኝ ነበር፤ አፉ ሰማያዊ ሆነና እዚያው ቦታ ለስልሶ ተጣመመ። ባሌስትራ፣ ይህን አልነገርከኝም።

ጉቶው፦ ሰባቱ ወጥተዋል። አራቱ ከሁለት ስንዝር በላይ ስለሆኑ ልጫቸዋለሁ። ከዴዶ፣ ያልከኝን የመንጫጫት ድምፅ ሰማሁት! ሦስተኛው ጉቶ ላይ ነው። ዙሪያውን ጨርሼ አይነቃነቅም ሲለኝ ቆሜ አዳመጥኩ፤ በምሥራቅ በኩል እንደ በር ማጠፊያ ሲል ሰማሁ። ቆፈርኩ፣ እንደ አውራ ጣቴ የማይበልጥ ሥር ቀጥ ብሎ ወርዷል። በጠሰኩት፣ ጉቶው ተገለበጠ።

ባሌስትራ (መጋቢት 21)

ልክ ነህ፣ ይህን መጻፍ ነበረብኝ። ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ተቃጥሏል፣ ጥንካሬው ሄዷል። ያንን የተቃጠለውን ክፍል በሞረድ እስኪያልቅ ብላው፣ ወይም አምጣውና እንደገና አሙቄ ዘይት ውስጥ አጠጣዋለሁ። ውኃ ውስጥ ከነከርከው ባሌስትራ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዴዶ (መጋቢት 22)

ደስ አለኝ ወንድሜ። የተቀሩትን አራቱን ቡቃያ ቅዳሜ ቅዳሜ እያየህ ልቀም። አንድ ወር ከዘነጋህ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው።

የጅሬን ልጅ (መጋቢት 23)

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ካቃጠልኳቸው ከሁለቱ በአንዱ አጠገብ፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለው የተጎነደለ ቡና ሌሎቹ ሲያበቅሉ እሱ አላበቀለም። ቅርፊቱን ሳየው ነጭ ነበር፣ ያኔ። አሁን እንደገና ልፋቀው? ወይስ ከወዲሁ ልንቀለው?

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ (መጋቢት 23፣ ማታ)

አትንካው ልጄ። አንዳንዱ ቡና ቡቃያ ለማውጣት ይዘገያል፤ ሥሩ ደህና ከሆነ ዝናቡ ሲበረታ ያሳይሃል። ደጋግመህ ከፋቅከው ቁስል እየከፈትክለት ነው። ለጊዜው ዙሪያውን ማንም እንዳይኮተኩት እንጨት ተክለህ አጥርበት፣ አረሙንም በእጅ ብቻ ልቀም። ከብትም አይለፍበት። የፊታችን እሑድ ወደዚያ የምመጣበት ጉዳይ አለኝ፤ አብረን እናየዋለን። ቢላዋዬን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።